ወንድሜ የገባበት የተጠባባቂ ጦር ሎጂስቲክስ እዝ ምን ዓይነት ነገር ነው?

እህት_ዓለም፦

ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት የአሜሪካ ተጠባባቂ ጦር፣ አርሚ ሪዘርቭ ገባ። ሥልጠናውን ጨርሶ መጥቷል። ሙያው 92 ኤፍ ይባላል፣ የነዳጅ ሥራ ነው። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ዩኒፎርሙን ለብሶ ይሄዳል፣ ሰኞ ጠዋት የድሮ ሥራው ላይ ነው። እናቴ "ይሄ ልጅ ወታደር ነው ወይስ አይደለም?" እያለች ትጠይቀኛለች፣ እኔ ደግሞ መልስ የለኝም። እሱን ስጠይቀው "የእኛ ካምፓኒ በሻለቃው ሥር ነው፣ ሻለቃው በብርጌዱ ሥር፣ ብርጌዱ በኢኤስሲው ሥር፣ ከሁሉም በላይ 377ኛው አለ" ይለኛል። እንዲህ አወሳስቦ ያስረዳኝና ይሄዳል።

ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ይሄ 377ኛ የሚባለው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ነዳጅና ውሃ የሌለው ጦር አንድ ቀን አያድርም፣ ታዲያ እንዲህ ያለውን ዋና ነገር በወር ሁለት ቀን ለሚመጡ ሰዎች እንዴት አስረከቡት? ሦስተኛው የሚያስጨንቀኝ ነው። ዘመዶቻችን "እሱ ከኋላ ነው የሚሆነው፣ ምንም አይነካውም" እያሉ ያጽናኑናል። እውነት ነው? እባካችሁ የምታውቁትን ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

ናፍጣ_በጋሎን፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ለእናትሽ፦ አዎ፣ ወታደር ነው። ሙሉ ወታደር። መሠረታዊ ሥልጠናውን የወሰደው ከመደበኛው ጦር ልጆች ጋር አንድ ሜዳ ላይ ነው፣ ለሪዘርቭ ተብሎ የቀለለ ሥልጠና የለም። እኔ ራሴ ዘጠኝ ዓመት በሪዘርቭ ነዳጅ ላይ ሠርቼ ወጥቻለሁ።

አደረጃጀቱን ከታች ወደ ላይ ብታዪው ይቀልሻል። የወንድምሽ ካምፓኒ፣ በእኛ አጠራር ሻምበል ጦር፣ መቶ ምናምን ሰው ይኖረዋል፣ አዛዡ ካፒቴን ነው። አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ ትራንስፖርት፣ አንዱ ጥገና፣ አንዱ ውሃ የሚሠራ ካምፓኒዎች ተሰብስበው ሻለቃ ይሆናሉ፣ እሱን ሌተና ኮሎኔል ይመራዋል። ሻለቃዎቹ በኮሎኔል የሚመራ የአቅርቦት ብርጌድ ሥር ይገባሉ። ከዚያ ኢኤስሲ የሚሉት አለ፣ ሙሉ ስሙ ኤክስፔዲሽነሪ ሰስቴይንመንት ኮማንድ፣ ዘማች የስንቅና ትጥቅ እዝ እንደማለት፣ ባለ አንድ ኮከብ ጄኔራል ያለው እዝ ነው። ፒትስበርግ አጠገብ ኮራኦፖሊስ ያለው 316ኛው፣ ኢንዲያናፖሊስ ያለው 310ኛው፣ ኦርላንዶ ያለው 143ኛው እንዲህ ያሉ ናቸው። እነዚህን ከላይ የሚይዘው 377ኛው ነው፣ ሙሉ ስሙ 377ኛው ቲያትር ሰስቴይንመንት ኮማንድ፣ የአንድ ሙሉ የጦር ቀጠና የስንቅና ትጥቅ እዝ ማለት ነው። ባለ ሁለት ኮከብ ጄኔራል ያዝዘዋል፣ መቀመጫው ሉዊዚያና ቤል ቼስ ነው፣ ከኒው ኦርሊየንስ ወንዙን ተሻግሮ። በምዕራቡ በኩል ካሊፎርኒያ ሎስ አላሚቶስ ላይ 79ኛው አለ፣ ተመሳሳይ እዝ ነው። ሁለቱም ተጠሪነታቸው ኖርዝ ካሮላይና ፎርት ብራግ ላለው የአርሚ ሪዘርቭ ኮማንድ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር ይመጣል፣ እኔንም ሁለት ዓመት አደናግሮኝ ነበር። ይሄ ሁሉ የሰላም ጊዜ ሰንሰለት ነው። በሰላም ጊዜ የእነዚህ እዞች ሥራ ሰውን ማሠልጠን፣ መኪናውን ማስጠገን፣ የጎደለውን መሙላትና ጥሪ ሲመጣ "ይሄ ካምፓኒ ዝግጁ ነው" ብሎ መፈረም ነው። ክተት ሲመጣ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የወንድምሽ ካምፓኒ ብቻውን ተነጥሎ ሊሄድ ይችላል፣ እዚያ ሲደርስ ከሌላ ስቴት የመጣ ሻለቃ ሥር ይገባል፣ ያ ሻለቃ ደግሞ የመደበኛው ጦር ብርጌድ ሥር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወንድምሽ ትከሻው ላይ የለጠፈው ምልክት አብሮት የሚዘምተውን ሰው አይነግርሽም።

ስለ ነዳጁ አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ማደያ ላይ መቆም ይመስለዋልና። መጀመሪያ የሚያስተምሩሽ ናሙና መቅዳት ነው። ጥርት ባለ ጠርሙስ ከታንከሩ ትቀጂያለሽ፣ ወደ ብርሃን ታነሺዋለሽ፣ ታሽከረክሪዋለሽ። መሃሉ ላይ አዙሪት ይሠራል፣ ቆሻሻ ካለ ከአዙሪቱ ሥር ይሰበሰባል። ውሃ ካለው ይደፈርሳል ወይ ታች ይዘቅጣል። ጥርት ብሎ ካላበራ ያ ነዳጅ ሄሊኮፕተር ውስጥ አይገባም፣ በቃ። አንድ ልምምድ ላይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ እኔ "ጥሩ ነው" ብዬ ያሳለፍኩትን ናሙና ሳጅኔ መልሶ አነሳና ባትሪ አበራበት። ታች የሩዝ ፍሬ የምታህል የውሃ ጠብታ ተኝታለች። 2,500 ጋሎን የያዘውን መኪና ከሥሩ እያንጠባጠብን እንደገና ናሙና ስንቀዳ ነጋብን። ከዚያ ወዲህ ባትሪ ሳላበራ ናሙና አሳልፌ አላውቅም።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ የእኔ መልስ አጭር ነው። አብረውኝ ከነበሩት ውስጥ ግማሹ በሲቪል ሥራቸው ታንከር ሾፌሮች፣ መካኒኮች፣ የመጋዘን ሰዎች ነበሩ። በወር ሁለት ቀን ነው የሚመጡት ትያለሽ እንጂ ሥራውን የሚሠሩት ወሩን ሙሉ ነው። የታሪኩን ለሌሎች ልተው።

ጎልያድ፦

እኔ እስከማውቀው ሪዘርቭና ናሽናል ጋርድ አንድ ነው። ጎርፍ ሲመጣ የስቴቱ ገዢ ይጠራቸዋል፣ አሸዋ በከረጢት ይሞላሉ፣ ይመለሳሉ። ብዙም አትጨነቂ።

መዝገብ_አገላባጭ፦

@ጎልያድ ወንድሜ፣ አንድ አይደሉም፣ ለእሷ ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ናሽናል ጋርድ ሁለት አለቃ አለው፣ ገዢውና ፕሬዚዳንቱ። አርሚ ሪዘርቭ ግን የፌዴራል ጦር ነው፣ ገዢ አያዝዘውም። ከ2012 ወዲህ ለከባድ አደጋ ገዢ ርዳታ ሲጠይቅ መከላከያ ሚኒስትሩ ሪዘርቩን መጥራት ይችላል፣ ያም ቢሆን ትእዛዙ ከፌዴራል ነው። በሥራም ይለያያሉ። ጋርድ እግረኛም ታንከኛም አለው። ሪዘርቭ በአብዛኛው ደጀን ነው፦ ሎጂስቲክስ፣ ሕክምና፣ ትራንስፖርት፣ መሐንዲስ። ይሄ ክፍፍል ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

እህት ዓለም፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ግሩም ነው፣ ትንሽ ላርዝመው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

አርሚ ሪዘርቭ የተጀመረው ኤፕሪል 23 ቀን 1908 ነው፣ ያኔ የሐኪሞች ተጠባባቂ ብቻ ነበር። ገና ከጥንስሱ የሚፈለገው ሲቪል ሙያ ያለው ሰው ነበር ማለት ነው፣ ናፍጣ በጋሎን ያለው ከዚያ ጋር ይገጥማል። አሁን ያለውን ስም ያገኘው በ1952 ነው።

ትልቁ መታጠፊያ ቬትናም ነው። በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ጦሩን ሲያሳድጉ ተጠባባቂውን ላለመጥራት ወሰኑ፣ መደበኛውን ጦር በምልመላ ሞሉት። በ1968 ትንሽ ጥሪ ነበር፣ ከዚያ ውጪ ሪዘርቩ ቤቱ ተቀምጦ ጦርነቱ አለቀ። በ1970 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜልቪን ሌርድ መደበኛውም ተጠባባቂውም እንደ አንድ ጦር ይታሰብ የሚል ፖሊሲ አመጡ። በ1972 ጄኔራል ክሬይተን ኤብራምስ የምድር ጦር ኤታማዦር ሹም ሆኑ። ያለቻቸውን የሰው ኃይል ተዋጊ ክፍለ ጦር ላይ አዋሉና ደጀኑን፣ ነዳጁን፣ ውሃውን፣ ትራንስፖርቱን፣ በብዛት ወደ ተጠባባቂው አዞሩት። አንዳንዶች "ሕዝቡን ሳይጠራ ማንም ፕሬዚዳንት ትልቅ ጦርነት እንዳይገባ አስበው ነው" ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ በጀትና የሰው ቁጥር ነው ያስገደዳቸው ይላሉ። ለእኔ ሁለቱም አብረው የሄዱ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ውጤቱ ሁለቱንም ነው የሠራው። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጦር ያለ ሪዘርቩ ሩቅ አገር ሄዶ ብዙ መቆየት አይችልም።

ፈተናው የመጣው በ1990 ነው። ኢራቅ ኩዌትን ወረረች፣ ኦገስት 22 ቀን ፕሬዚዳንት ቡሽ ተጠባባቂዎችን ለመጥራት ፈረሙ። እስከ መጨረሻው ከ80,000 በላይ የአርሚ ሪዘርቭ ሰዎች ተጠሩ። አሁን ስለ 377ኛው የሚገርመኝን ልንገርሽ። ለዚያ ቀጠና በወረቀት ላይ የተመደበው የስንቅና ትጥቅ ዋና መምሪያ 377ኛው ነበር። ለዓመታት የተዘጋጀለት ሥራ መጣ፣ እሱ ግን አልተጠራም! መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንቱ ገና ለተጠባባቂው ጥሪ አልፈረሙም ነበር፣ ዕቃው ደግሞ ወደብ ላይ እየተራገፈ ነው፣ አንድ ሰው መያዝ አለበት። ስለዚህ ጄኔራል ገስ ፓጎኒስ ጥቂት ሰዎች ይዘው ሳዑዲ ገቡ፣ እዚያው በረሃ ላይ ከዚህም ከዚያም ሰው ሰብስበው 22ኛውን የድጋፍ እዝ አቋቋሙ። ሠራላቸው። ፓጎኒስ ሦስተኛ ኮከባቸውን እዚያው ጦር ሜዳ ላይ ነው ያገኙት። ግን የተዘጋጀ እዝ እያለ በድንገት አዲስ እዝ መስፋት የሚደገም ነገር አይደለም፣ እኔ እንዲያውም የዚያን ጊዜ ዋናው ትምህርት ይሄ ይመስለኛል።

በ1993 ክፍፍሉ በስምምነት ጸና፦ ተዋጊው ወደ ጋርድ፣ ደጀኑ ወደ ሪዘርቭ። በ2003 ኢራቅ ላይ ሲዘመት 377ኛው ተጠርቶ ኩዌት ካምፕ አሪፍጃን ገባ፣ በ1991 ያመለጠውን ሥራ ያዘ። ወደብ፣ ነዳጅ፣ ጥይት፣ ምግብ፣ የኮንቴይነር ሰልፍ። በ2005 ደግሞ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የመታው የገዛ ከተማውን ኒው ኦርሊየንስን ነበር። የሌላውን ጦር ስንቅ የሚያሰላ እዝ የራሱን ወታደሮችና ቤተሰቦች ፍለጋ ገባ። ስሙም ከጊዜ ጋር ተለዋውጧል፣ በፊት የጦር ቀጠና አካባቢ እዝ፣ ቀጥሎ የድጋፍ እዝ፣ አሁን ሰስቴይንመንት ኮማንድ። ኢኤስሲ የሚባሉትም በ2000ዎቹ አጋማሽ ጦሩ ተገጣጣሚ ሆኖ ሲደራጅ የመጡ ናቸው። ናፍጣ በጋሎን "ሰንሰለቱ ይበጠሳል" ያለው ከዚህ የተነሳ ነው፣ እንዲበጠስና ሌላ ቦታ እንዲገጠም ተብሎ ነው የተሠራው።

ጎልያድ፦

@መዝገብ_አገላባጭ ተቀብያለሁ፣ አደባልቄዋለሁ። አመሰግናለሁ። እህቴ፣ "አትጨነቂ" ያልኩትንም ቸኩዬ ነው።

ጥላዬ፦

ሦስተኛውን ጥያቄ ሁላችሁም አለፋችሁት። ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ ብላለች፣ ይነገራት።

እህቴ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ግሪንስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ 14ኛው ኳርተርማስተር (የስንቅና ትጥቅ) ዲታችመንት የሚባል ትንሽ የሪዘርቭ ክፍል ነበር፣ ሥራቸው ውሃ ማጣራት ነው። 69 ሰዎች። በጃኑዋሪ 1991 ተጠሩ፣ ቨርጂኒያ ፎርት ሊ አንድ ወር ሠለጠኑ፣ ፌብሩዋሪ 19 ሳዑዲ ገቡ። መሣሪያቸው ገና አልደረሰም ነበር፣ ዳህራን አጠገብ ወደ መኝታ ቤት የተለወጠ መጋዘን ውስጥ እየጠበቁ ነበር። ፌብሩዋሪ 25 ማታ የኢራቅ ስከድ ሚሳይል መጋዘኑን መታው። በዚያ ምሽት 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ፣ 13ቱ ከዚች ክፍል ናቸው። ከዚችው ክፍል 43 ደግሞ ቆሰሉ። ከሟቾቹ ውስጥ ሴቶችም ነበሩ። ከገቡ ስድስተኛ ቀናቸው ነበር፣ አንድ ሊትር ውሃ ሳያጣሩ።

ሚሳይሉን መምታት የነበረበት ፓትሪዮት የሚባለው ፀረ ሚሳይል መሣሪያ ከ100 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ሠርቶ ስለነበር የኮምፒውተሩ ሰዓት አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ያህል ተዛንፎ ነበር። በዚያች ሽራፊ ሰዓት የተሳሳተ ቦታ ፈለገ፣ አልተኮሰም። የምድር ጦርነቱ ከተጀመረ ሁለተኛ ቀን ነው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ተኩስ ቆመ። ግሪንስበርግ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፣ በየዓመቱ በዕለቱ ሰዎች ይሰበሰባሉ።

በኢራቅም እንዲሁ። ኤፕሪል 9 ቀን 2004 የኢሊኖይ ሪዘርቭ የሆነው 724ኛው ትራንስፖርት ካምፓኒ ወደ ባግዳድ አውሮፕላን ማረፊያ ነዳጅ የጫኑ መኪናዎች እያጀበ ሲሄድ ደፈጣ ገባ። ወታደሮችም ሲቪል ሾፌሮችም ተገደሉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የደቡብ ካሮላይናው 343ኛ ኳርተርማስተር ካምፓኒ ወታደሮች፣ ወደ ሃያ የሚጠጉ፣ አንድ የነዳጅ ጉዞ አንሄድም አሉ። ነዳጁ ተበክሏል፣ መኪናዎቹም የብረት ልባስ የላቸውም ነበር የሚሉት። የዲሲፕሊን ቅጣት ተቀጡ፣ ጦር ፍርድ ቤት ግን አልቆሙም። ትእዛዝ አለመቀበል ትክክል ነው አልልም፣ ነገር ግን ያነሱት ነገር መሬት ላይ የነበረ ችግር ነው፣ ያኔ ብዙ የደጀን መኪና ያለ ልባስ ነበር የሚሄደው።

ይሄን የጻፍኩት ላስፈራሽ አይደለም። አብዛኞቹ ሄደው በሰላም ተመልሰዋል። "ከኋላ ነው፣ ምንም አይነካውም" የሚለው ግን ልክ አይደለም። የጦር ግንባር መስመር የሚባለው ነገር ከጠፋ ቆይቷል፣ ነዳጅ የጫነ መኪና ደግሞ ለጠላት ከሁሉ ቀድሞ የሚታይ ነገር ነው።

የዮናስ_እናት፦

ልጄ፣ ጥላዬ የጻፈውን እናትሽ ፊት በአንድ ጊዜ አታንብቢው። የእኔም ልጅ ሪዘርቭ ነው፣ ትራንስፖርት፣ አንዴ ተጠርቶ አንድ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ተመልሷል። የኔን ብታውቂ ይጠቅምሻል።

ጥሪው ሲመጣ ጊዜ የለም። እኛ ቤት የነበረው ወረቀት ሁሉ በልጁ ስም ነበር፣ የመኪናው፣ የኪራዩ። ውክልና ሳይሰጠኝ ሄዶ ቢሆን ኖሮ አንዷን ነገር እንኳ ማስፈረም አልችልም ነበር። ደግነቱ ክፍሉ ውስጥ ጠበቃ አላቸው፣ በነጻ ሠሩለት። ወንድምሽ አሁኑኑ ያሠራ፣ ጥሪ እስኪመጣ አይጠብቅ።

ሥራውን በተመለከተ የ1994 ሕግ አለ፣ ዩሴራ ይሉታል። አሠሪው ቦታውን ይጠብቅለታል፣ ሲመለስ እዚያው እንደነበረ ተቆጥሮ እድገቱም ጭማሪውም ይሰጠዋል። በአንድ አሠሪ ዘንድ በጠቅላላው እስከ አምስት ዓመት ነው፣ የማይቆጠሩ ጥሪዎችም አሉ። ግን እሱም ግዴታ አለበት። ቀድሞ ለአሠሪው መንገር አለበት፣ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ደግሞ በተመለሰ በ90 ቀን ውስጥ ልመለስ ብሎ ማመልከት አለበት። የእኔ ልጅ አለቃው መጀመሪያ ፊቱን አጥቁሮበት ነበር፣ ሕጉን አትሞ ሲያሳየው ነገሩ በረደ።

ያኔ ደግሞ ከልጄ በላይ የረዳኝ የክፍሉ የቤተሰብ ቡድን ነው። የሌሎቹ እናቶችና ሚስቶች ስልክ አለሽ፣ ዜና ሲመጣ ትደዋወያላችሁ። እናትሽን እዚያ አስመዝግቢያት። ቋንቋው ያስቸግራታል ካልሽ አንቺ አብረሻት ሂጂ።

እህት_ዓለም፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የዮናስ እናት፣ እንዳሉኝ አድርጌ ለእናቴ ከፋፍዬ አነበብኩላት። የጥላዬን ዛሬ ጠዋት ነው ያነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማች፣ ከዚያ "ስድስት ቀን" አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ከሰዓት በኋላ ወንድሜን ደውላ ውክልናውን መቼ ነው የምታሠራው አለችው። እሱ ደንግጦ ለእኔ ደወለ።

ጥላዬ፣ ስለነገርከኝ ቅሬታ የለኝም። መስማት የምፈልገው እሱን ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። የሚቀጥለው ቅዳሜና እሁድ ወንድሜ ልምምዱ የነዳጅ መኪና ላይ ነው ብሏል፣ በበጋ ደግሞ ኪውሌክስ የሚሉት ትልቅ ልምምድ አለ ይላል። ናፍጣ በጋሎን፣ እንደ ታላቅ ወንድም ምን ብትለው ነው የምትወደው?

ናፍጣ_በጋሎን፦

ኪውሌክስ ጥሩ ነው፣ በሱ ደስ ይበለው። የነዳጅና የውሃ ክፍሎች በብዙ ስቴት ተበትነው የሚሠሩት ልምምድ ነው፣ ነዳጁ እውነተኛ ነው፣ የሚያደርሱትም እውነተኛ ተቀባይ ጦር ሰፈር ላይ ነው። ሜዳ ላይ ውሃ ሞልተው እንደ ነዳጅ አስመስለው እንደሚለማመዱት አይደለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ እኔ በዓመት ቅዳሜና እሁዶች ያልተማርኩትን ተምሬበታለሁ።

ምን በለው መሰለሽ፦ ቱቦውን ከመንካቱ በፊት የመሬት ሽቦውን ይሰር። ዘንጉን አፈር ውስጥ በደንብ ይምታው፣ መሬቱ ድንጋይ ነው ብሎ ግማሽ ላይ አይተወው፣ አፈሩ ደረቅ ከሆነ ውሃ ያፍስስበት። ነዳጅ ሲፈስ ኤሌክትሪክ ይሰበሰባል፣ መውጫ ካላገኘ ብልጭ ይላል። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ እንቅልፍ ሲያንስ ግን መጀመሪያ የሚረሱት ይሄን ነው። እና ናሙናውን ባትሪ አብርቶ ይየው። ከፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ የድሮ ማስታወሻ ደብተሬን ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ።